ጸደይ፣ ታንኳና ስሞልማውዝ ባስ፦ በፖቶማክ ወንዝ ላይ ቴርሞሜትር ለምን ይቀድማል?

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች የምንኖር ሰዎች ከፖቶማክ ወንዝ ጋር የማንገናኝበት ቀን የለም። በድልድይ እንሻገረዋለን፤ የዋና ከተማዋ የቧንቧ ውሃም ከእሱ የሚቀዳ ነው። ግሬት ፎልስ ከሚባለው ፏፏቴ በላይ ያለው ክፍል ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። በዚያ፣ ከማርች እስከ ጁን አጋማሽ፣ ሰዎች በታንኳ እየወረዱ ስሞልማውዝ ባስ የሚባል ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ይዘውም ወዲያው ይለቁታል። ፀሐይ በወጣበት ሞቃት ቀን እንኳ ወፍራም ልብስና ተንሳፋፊ ጃኬት አይለያቸውም። ከዳር ቆሞ ለሚያይ ሁለቱም ነገር ግራ ያጋባል። መልሳቸው ግን አንድ ነው፤ የውሃው ሙቀት። ዓሣው የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚበላ፣ መቼ ሊተው እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። ታንኳ የተገለበጠበት ሰው በሕይወት ለመውጣት ስንት ደቂቃ እንዳለው የሚወስነውም እሱ ነው።

ስሞልማውዝ ባስ ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

ድንጋያማ መሬት ያለውና የሚፈስ፣ ቀዝቀዝ ያለ ንጹሕ ውሃ የሚወድ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ነው። መልኩ ወደ ነሐስ የሚያደላ አረንጓዴ ሲሆን ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉት፤ ዓይኑ ብዙ ጊዜ ቀላ ያለ ነው። ዘመዱ ከሆነው ላርጅማውዝ ባስ የሚለየው በአፉ ነው። የላርጅማውዝ መንጋጋ ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይዘልቃል፤ የስሞልማውዝ መንጋጋ ግን ከዓይኑ አያልፍም። ትናንሽ ዓሦችንና የነፍሳት እጮችን ይበላል፤ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው በድንጋይ ሥር የሚኖረውን፣ ሁለት መቆንጠጫ ያለውን ክሬይፊሽ ነው።

ለፖቶማክ ግን ባዕድ ነው። የትውልድ ቦታው የታላላቆቹ ሐይቆች፣ የኦሃዮና የሚሲሲፒ ተፋሰስ ሲሆን ወደ ፖቶማክ የገባው በ1854 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው። ዊልያም ሽራይቨር የተባለ የዊሊንግ ከተማ ሰው ጥቂት ዓሦችን በቀዳዳማ ባልዲ አድርጎ፣ ባልዲውን በባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር የውሃ ታንከር ውስጥ አንጠልጥሎ ተራራውን አሻገራቸው፤ ከምበርላንድ ከተማ ላይም በወንዙ ዳር ወደተቆፈረው የቼሳፒክና ኦሃዮ የጀልባ ቦይ ለቀቃቸው። ዛሬ በላይኛው ፖቶማክ በብዛት የሚጠመደው የእነዚያ ዘር ነው።

ለምን በጸደይ?

ስሞልማውዝ እንደ አብዛኛው ዓሣ ሰውነቱን በራሱ አያሞቅም፤ የሰውነቱ ሙቀት የውሃው ሙቀት ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ መዋኘቱም፣ መራቡም፣ የበላውን መፍጨቱም አብሮ ይቀንሳል። በበረዶው ወራት ውሃው ከ45 ዲግሪ ፋራናይት (7 ሴልሺየስ) በታች ሲሆን ስሞልማውዝ ጥልቅና ረጋ ያለ ቦታ ፈልጎ ይሰበሰባል፤ እምብዛም አይንቀሳቀስም።

ውሃው ወደ 48 ዲግሪ (9 ሴልሺየስ) ሲጠጋ ከጥልቁ መውጣት ይጀምራል። ከ50 እስከ 60 (ከ10 እስከ 15.5 ሴልሺየስ) ባለው ጊዜ ዕንቁላል ለመጣል ስለሚዘጋጅ አጥብቆ ይበላል። ሴቷ ዕንቁላል ተሸክማ ከዓመቱ ሁሉ የምትከብደው ያኔ ነው። ትልቅ ዓሣ የሚገኝበት ምርጥ ጊዜም ይኸው ነው፤ በላይኛው ፖቶማክ አብዛኛውን ጊዜ ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ይውላል። ከ60 እስከ 65 ሲደርስ ወንዶቹ ጎጆ ላይ ይሰፍራሉ። ያኔ ምን መደረግ እንዳለበት ወደ ታች እንመለስበታለን።

ቀን መቁጠሪያ የሚያሳስተው ለዚህ ነው። አንዱ ዓመት ማርች አጋማሽ ላይ 52 ዲግሪ ያደርሳል፤ ሌላው ዓመት በዚያው ሳምንት 43 ላይ ያስቀራል። ከሁሉም በላይ አካሄዱን ይከታተሉ። ሦስት ቀን ተከታትሎ በየቀኑ አንድ ሁለት ዲግሪ የጨመረ 50 ዲግሪ ውሃ፣ ቀዝቃዛ ዝናብ ወርዶበት ከ57 ወደ 53 ካሽቆለቆለ ውሃ ይሻላል። ቁጥሩ ያነሰ ቢሆንም ዓሣው የሚሞቀውን እንጂ የሚቀዘቅዘውን ውሃ አይወድም። ሲለኩ ደግሞ ፀሐይ ያረፈበትን ጥልቀት የሌለው ዳር ይተዉ። ቴርሞሜትሩን በክር አስረው በሚፈስ ውሃ ውስጥ ክንድ ያህል ያውርዱት፤ ሁለት ደቂቃ ቆይተው ያንብቡት። ጠዋትና ከሰዓት መለካት ብዙ ይነግራል፤ ከሰዓት በኋላ ሦስት ዲግሪ መጨመሩ የተለመደ ነው፤ ጠዋት ዝም ያለው ቦታ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊነቃ ይችላል።

ዓሣው ወንዙ ውስጥ የት ይቆማል?

በጸደይ ወንዙ ሙሉ ነው፤ ውሃውም ይገፋል። ገና ጉልበቱ ያልተመለሰ ዓሣ ቀኑን ሙሉ ከጅረት ጋር መታገል አይችልም። ነፋስ ባየለበት ቀን ሰው የቤት ግድግዳ ተጠልሎ እንደሚቆመው፣ እሱም ጅረቱን የሚሰብር ነገር ፈልጎ ከጀርባው ይቆማል። የሚጠለለው ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ ከደሴት የታችኛው ጫፍ፣ ከድልድይ ምሰሶ ሥር፣ ወይም ገባር ወንዝ ከሚቀላቀልበት አፍ በታች ነው። በእነዚህ ቦታዎች ውሃው ይረጋል፤ አንዳንዴም ተጠማዝዞ ወደ ላይ ይመለሳል። ይህን ተመላሽ ውሃ ብለን እንጥራው።

ዓሣው ብዙውን ጊዜ ከተመላሹ ውሃ መሐል አይገኝም፤ የሚቆመው ረጋ ያለውና ፈጣኑ ውሃ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው። ድንበሩ በዓይን ይታያል፤ አረፋና ቅጠል ተሰልፎ ይሄድበታል። ዓሣው እዚያ ቆሞ ፈጣኑ ውሃ ይዞለት የሚመጣውን ምግብ ይጠብቃል። ውሃው 50 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ከ4 እስከ 8 ጫማ ጥልቀት ያላቸውን እንዲህ ያሉ ቦታዎች ያስቀድሙ። በተለይ ጠጠራማና ዝቅ ያለ ዳር አጠገባቸው ካለ አይለፏቸው፤ ዓሣው ኋላ ጎጆ የሚሠራው እዚያ ነውና ቀድሞ ይጠጋል።

ታንኳው ምን ይጠቅማል? እንዴትስ ይያዛል?

የላይኛው ፖቶማክ ሰፊ ነው፤ በብዙ ቦታ ጥልቀት የለውም፤ መሬቱም የድንጋይ ዘለላ ነው። ሞተር ያለው ጀልባ ይመታል፤ ከዳር ቆሞ መወርወርም መሐል ያሉትን ድንጋዮች አያደርስም። ታንኳ ግን ከግማሽ ጫማ ብዙም ባልበለጠ ውሃ ላይ ያለ ድምፅ ያልፋል። ከ15 እስከ 17 ጫማ ርዝመት ያለው ለሁለት ሰውና ለዕቃ ይበቃል።

ከኋላ የተቀመጠው ይመራል፤ ከፊት ያለው ያጠምዳል፤ በየተራ ይለዋወጡ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ክር ከጣሉ ታንኳውን የሚመራ አይኖርምና ወደ ጎን ዞሮ ድንጋይ ላይ ይጋደማል። ያ ከሆነ ሰውነትን ወደ ድንጋዩ ማዘንበል ነው። ሰው በደመ ነፍስ ከድንጋዩ ይሸሻል፤ ሲሸሽ ግን በጅረቱ በኩል ያለው ጠርዝ ዝቅ ይልና ውሃው ይገባበታል፤ ታንኳውም በቅጽበት ይሞላል።

ወደ ተመላሽ ውሃ ሲገቡ ድንጋዩን እንዳለፉ የታንኳውን አፍንጫ በሰያፍ አስገብተው በኃይል ይቅዘፉ። አፍንጫው ወደ ላይ የሚሄደውን ውሃ ሲነካ ታንኳው ፈጥኖ ይዞራል፤ ያኔ ወደሚዞርበት ጎን ዘንበል ይበሉ። ወደ ውጭ ያዘነበለ ይገለበጣል። መልሕቅ በፈጣን ውሃ ላይ፣ በተለይ ከጎን ታስሮ፣ አይጣል። ገመዱ ሲወጠር ጠርዙን ወደ ታች ይጎትተዋል። ለመቆም ሲፈልጉ ታንኳውን ድንጋዩ ጀርባ ማስጠጋት ይበቃል።

ምን ዓይነት ዕቃ ያስፈልጋል?

ብዙ አይደለም። ከ6 ጫማ ተኩል እስከ 7 ጫማ የሆነ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ዘንግ፣ 8 ፓውንድ የሚሸከም ክርና ሁለት ዓይነት ሰው ሠራሽ ማባበያ ጸደዩን ሙሉ ያጠምዳሉ።

የመጀመሪያው ቲዩብ ነው፤ ከ3 እስከ 3.5 ኢንች ርዝመት ያለው፣ ውስጡ ክፍት፣ ጫፉ የተተለተለ ለስላሳ የጎማ ቱቦ። ከ1/8 እስከ 1/4 አውንስ የሚመዝን ጭንቅላት ያለው መንጠቆ ውስጡ ይገባል። መሬት ላይ ሲጎተት ክሬይፊሽ ይመስላል። ስህተቱ ሁልጊዜ ክብደቱ ላይ ነው። ከበዛ በየድንጋዩ ስንጥቅ ይሰካል፤ ካነሰ መሬት ሳይነካ ጅረቱ ይወስደዋል። በትክክለኛው ክብደት ሲጎትቱ ድንጋይ ሲነካ በክሩ በኩል ጣት ላይ ኳ፣ ኳ ይላል። ኳኳታው ድንገት ጠፍቶ ክሩ ሲከብድ ዓሣው አፉ አስገብቶታል። በቀዝቃዛ ውሃ ስሞልማውዝ መንጭቆ አይነጥቅም፤ ያንን ክብደት ድንጋይ ነው ብሎ የሚጠብቅ ሰው ዓሣውን ያጣዋል።

ሁለተኛው ጀርክቤይት የሚባለው ትንሽ ዓሣ የሚመስል ማባበያ ነው፤ ሳይሰምጥ ሳይንሳፈፍ ውሃው መሐል የሚቆመውን ዓይነት ይምረጡ። ሁለት ጊዜ ነጠቅ ነጠቅ አድርገው ያቁሙት። ውሃው 50 ዲግሪ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይጠብቁ፤ 58 ሲደርስ ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ዓሣው የሚመታው በቆመበት ጊዜ ነው፤ ትዕግሥት ያጣ እጅ ምንም አይዝም።

የመንጠቆውን ሹል ወደ ኋላ የተመለሰ ምላስ በጉጠት ይጫኑት። ለመልቀቅ የሚደረገው ትግል ከደቂቃ ወደ ሰከንድ ይወርዳል፤ ለሰው እጅም ይበጃል።

ጎጆ ላይ ያለ ዓሣ ለምን ይተዋል?

ውሃው ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ወንዱ ከ2 እስከ 6 ጫማ ጥልቀት ባለው ረጋ ያለ ዳር፣ ከድንጋይ ወይም ከወደቀ ግንድ አጠገብ ቦታ ይመርጣል። በጅራቱ ደለሉን ጠርጎ ጠጠሩን ያወጣዋል። ነጸብራቅ በሚቀንስ መነጽር ሲያዩት ቡናማው መሬት ላይ ነጣ ያለ ክብ ነው። ሴቷ መጥታ ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ የወንዱ ነው። ከዕንቁላሉ በላይ ቆሞ በክንፎቹ ንጹሕ ውሃ እያስገባ ደለል እንዳይተኛበት ያደርጋል፤ የሚጠጋውን ሁሉ ያባርራል። እንደ ውሃው ሙቀት ከአራት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ከጠጠሩ የሚወጡት ጫጩቶች ጥቁር ናቸው፤ አባትየው እነሱንም ለተወሰኑ ሳምንታት ይጠብቃል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ እምብዛም አይበላም። ማባበያ ሲመታ ርቦት አይደለም፤ ጠላት ከጎጆው ለማስወጣት ነው። ስለዚህ እሱን መያዝ ቀላል ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ታንኳ ውስጥ በቆየባት ጥቂት ደቂቃ ሰንፊሽ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦችና ክሬይፊሾች ጎጆው ላይ ይወርዳሉ። ዓሣው ቢለቀቅም ደክሞ ስለሚመለስ እንደ ቀድሞው አይከላከልም፤ አንዳንዱ ጎጆውን ጥሎ ይሄዳል። መልቀቅ ብቻውን ጉዳቱን አያጠፋም። ነጩን ክብ ሲያዩ መቅዘፊያውን ወደ መሐል ወንዝ ማዞር ነው፤ በዚያ ሳምንት ጎጆ የሌላቸው ዓሦች ጥልቅ ውሃ ላይ ይገኛሉ። ሳያስቡት ጎጆ ጠባቂ ከያዙ እዚያው የያዙበት ቦታ ይልቀቁት፤ ታንኳው ሠላሳ ሜትር ከወረደ ተመልሰው ይቅዘፉ።

ከአጥማጁ ሌላ ጠላት ጎርፍ ነው። ሜይና ጁን ላይ ወንዙ ከሞላ ጎጆዎቹ ይጠረጋሉ፤ ጫጩቶቹም ይወሰዳሉ። የዚያ ዓመት ልደት ሳስቶ ይቀራል፤ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ አጥማጁ መካከለኛ ዓሣ ሲያጣ የሚያየው ያንን ጎርፍ ነው። ስሞልማውዝ በዝግታ ያድጋል፤ 20 ኢንች ለመድረስ አሥር ዓመት አካባቢ ይፈጅበታል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ትልቅ ዓሣ ዋጋ ያለው።

አያያዙም ይታሰብበት። እጅን በውሃ ማርጠብ፣ ዓሣውን አግድም ደግፎ መያዝ፣ ከውሃ ውጭ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አለማቆየት። በደረቅ እጅ ሲያዝ ቆዳውን ከበሽታ የሚጠብቀው ዝልግልግ ሽፋን ይላጣል።

ሕጉስ ምን ይላል?

ወንዙ እስከ ቨርጂኒያ ዳርቻ ድረስ የሜሪላንድ ነው። የባሕር ውሃ ከፍና ዝቅ በማያደርገው የላይኛው ክፍል ከማርች 1 እስከ ጁን 15 ባስ ይያዛል እንጂ አይወሰድም። ከጁን 16 ጀምሮ መውሰድ በሚቻልባቸው ቦታዎች የመጠንና የቁጥር ገደብ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ መልቀቅ ግዴታ የሆነባቸው የወንዙ ክፍሎችም አሉ። ፈቃድ ከ16 ዓመት ጀምሮ ያስፈልጋል፤ በኢንተርኔት ይገዛል። በዲሲ ክልል ውስጥ ያለው ክፍል የራሱ ፈቃድ አለው። የዓመቱን መመሪያ ከመውጣት በፊት ያንብቡ፤ ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ቀዝቃዛው ውሃ ሰውን ምን ያደርጋል?

አየሩ 75 ዲግሪ ሆኖ ውሃው 50 ሊሆን ይችላል። አደጋው ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ ሰው ለአየሩ ለብሶ ይወጣል፤ የሚወድቀው ግን ውሃው ውስጥ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ደኅንነት የሚያሠለጥኑ ባለሙያዎች 1፣ 10፣ 1 በሚል ያስተምሩታል። በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ሰውነት ደንግጦ ሳይፈልግ በኃይል ይተነፍሳል፤ ያኔ ጭንቅላቱ ከውሃ በታች ከሆነ ይሰምጣል። ቀጣዮቹ 10 ደቂቃዎች እጅና እግር የሚታዘዙባቸው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ጣት ገመድ እንኳ መያዝ ያቅተዋል። ብርዱ ራስን የሚያስተው ግን ወደ 1 ሰዓት ቆይቶ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሞተው ከዚያ በፊት ነው፤ ዋና የሚችለውም ጭምር።

ሕይወት አድን ጃኬት የሚለበሰው ለዚያች የመጀመሪያ ደቂቃ ነው። መቀመጫ ሥር የተቀመጠ ጃኬት አያድንም፤ የተለበሰና ዚፑ የተዘጋ መሆን አለበት። ከሥሩ ሱፍ ወይም ፖሊስተር እንጂ ጥጥ አይልበሱ፤ ጥጥ ሲርስ ሙቀት ይሰርቃል። ቅያሪ ልብስ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታስሮ ይሂድ።

ከታንኳ ከወደቁ በጀርባ ተኝተው እግርን ወደ ወንዙ መውረጃ ያስቀድሙ። ከጉልበት በላይ በሆነ ፈጣን ውሃ ለመቆም አይሞክሩ፤ እግር ድንጋይ መሐል ከተያዘ ጅረቱ ሰውየውን ወደ ፊት ይደፋዋል። ወንዙ ላይ የወደቀ ዛፍ ካዩ ከሩቅ ይሽሹ፤ ውሃው በቅርንጫፎቹ መሐል ያልፋል፤ ሰው ግን እዚያው ተጣብቆ ይቀራል።

መቼ ይወጣል? ከየት ይጀመራል?

የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም በሜሪላንድ ዳርቻ ባለችው ፖይንት ኦቭ ሮክስ ላይ የወንዙን ከፍታና ፍሰት የሚለካ ጣቢያ አለው፤ ውጤቱን ማንም ሰው በኢንተርኔት ያያል። የሚታየው መስመር ወደ ላይ እየወጣ ከሆነና ውሃው ደፍርሶ ግንድ የሚያወርድ ከሆነ ቀኑን ይተዉ። ከዝናብ በኋላ እየወረደ ሲጠራ፣ ማባበያው ሁለት ጫማ ጥልቀት ላይ ሆኖ ሲታይ፣ ያ ጥሩ ጊዜ ነው።

ለጀማሪ ጥንድ የሚመከረው ከፖይንት ኦቭ ሮክስ እስከ ሞኖኬሲ ወንዝ አፍ ያለው 6 ማይል ያህል ነው። በዚህ መሐል ግድብ የለም፤ እያጠመዱ ሲወርዱ ግማሽ ቀን ያልፋል። መውጫው በስተግራ ነው፤ ምልክቱም በ1833 የተጠናቀቀው፣ ሰባት ቅስት ያለው የድንጋይ የውሃ ድልድይ ነው። ሁለተኛ መኪና ከሌለ ብስክሌት መውጫው ላይ አስረው ይሂዱ። በሜሪላንድ በኩል ባለው የጥንቱ ቦይ ዳር መንገድ ተመልሰው መኪናዎን ያመጣሉ።

ወደ ታች ሲሄዱ ግን ካርታ ይታይ። ሴኔካ ላይ የፈረሰ ግድብ ፈጣን ውሃ ፈጥሯል። ከግሬት ፎልስ በላይ የመጠጥ ውሃ የሚቀዳበት ግድብ አለ። ሊትል ፎልስ አጠገብ ያለው ዝቅተኛ ግድብ ከላይ ሲታይ ጸጥ ያለ መስመር ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ግን የገባበትን ደጋግሞ ወደ ግድቡ እየመለሰ ያሰምጣል። ብዙ ሰው ሞቶበታል።

ለማዕድ ዓሣ የሚፈልግስ?

በጸደይ ባስ ባይወሰድም ወንዙ ሌላ ዓሣ አለው። ቻነል ካትፊሽ በላይኛው ክፍል ይገኛል። በ2004 ፖቶማክ ውስጥ የታየውና ከእስያ የመጣው ስኔክሄድ ደግሞ ለወንዙ ጠንቅ ስለሆነ እንዲወሰድ ይበረታታል፤ ሥጋው ነጭና ጠንካራ ስለሆነ ለጥብስም ለዓሣ ወጥም ይሆናል። በሕይወት ይዞ መሄድ ግን ክልክል ነው፤ የሚወስዱት ከሆነ እዚያው መግደል አለብዎ። የሜሪላንድ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከየትኛው ወንዝ የትኛው ዓሣ በወር ስንት ጊዜ ቢበላ ጉዳት እንደማያመጣ የሚገልጽ ሠንጠረዥ ያወጣል፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን የተለየ መጠን ስላለው ዓሣው ድስት ከመግባቱ በፊት ይታይ።